ድምፅህ እኔ ነበርኩ

ሃል ወደብ ላይ፣ ከዓሣ ገበያው ማዶ፣
ሲኒማ ቤት ነበር፣ ጣራው ማፍሰስ ለምዶ፤
ከመጋረጃው ሥር፣ ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ፣
ፒያኖ እመታ ነበር፣ አንገቴን አቅንቼ።
በሳምንት ሠላሳ ሺሊንግ፣ ሻማው ለብቻው በኔ፣
ጣቴ እየደነዘዘ፣ አንተን ያይ ነበር ዓይኔ።

አንተ ሃርኮርት ዌንዶቨር፣ ነጭ ሸሚዝ ለባሽ፣
በጎራዴ ዘላይ፣ በቅንድብ ተናጋሪ፣ በጨረፍታ አልቃሽ፤
አፍህ ሲከፈት ቃል አይወጣም ነበር፣
ከንፈርህ ሲላወስ፣ ጣቴ ነው የሚናገር።
ስትስም በቀስታ፣ ስትቆጣ በግራ እጄ፣
ስትሞት፣ ሁለት ጊዜ ሞተሃል፣ ሙሾህን አውርጄ፤
ድምፅህ እኔ ነበርኩ።

ዓሣ የሚከፍቱ ሴቶች፣ ቅርፊት በጣታቸው፣
የጓዳ ግድግዳ ላይ ፎቶህ ነበር ጌጣቸው።
ሚስተር ሆብዴይ፣ የሲኒማው ጌታ፣
«እሱ ካለ» ይል ነበር፣ «አይተርፍም ባዶ ቦታ።»

ከዚያ ሽቦ መጣ፣ ቀንድ የመሰለ ጡሩምባ፣
ስድስት ሰው ተሸክሞት፣ በኋላ በር ገባ።
ሆብዴይ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዓይኔን እየሸሸ፣
«ሚስ ክሮፍት፣ እስከ ቅዳሜ» አለኝ፤ እንዲያ ሆኖ መሸ።
ሰኞ ቲኬት ገዛሁ፣ ገባሁ እንደ እንግዳ፣
የማላውቀው ድምፅህ ሆኖብኝ እንደ ዕዳ።

ልዑል ነበርክ በዚያ ፊልም፣ ካባ የደረብክ፣
ልጅቷን ጠጋ ብለህ፣ «እወድሻለሁ» አልክ።
አቤት! አቤት ያ ድምፅ!
የግሪምስቢ ድምፅ፣ የሳጥን፣ የበረዶ፣
በጨረታ የሚጮህ፣ ከዶሮ በፊት ማልዶ።
ሃርኮርት ዌንዶቨር ሞተ፤ ከካባው ውስጥ ወጣ፣
ኦስዋልድ ስኬግ የሚሉት፣ የዓሣ ነጋዴ ልጅ፣ ማንም ያልጠራው ጣጣ።

አዳራሹ ሳቀ።
እኔ ግን አልሳቅኩም።
ውሸት ነው። ትንሽ ስቄያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
ሥራዬን የነጠቀ አፍ፣ አፈር ሲበላ ደስ አለኝ።

«ነገ የኔ ተራ ነው» ብለህ፣ በር በሩን ስታይ፣
«ተራ ሰው ሁን» አሉህ፣ በኤልስትሪ ስቱዲዮ ላይ።
ሆንክም፣ ተራ በተራ፤
ፋኖስ ይዘህ ባቡር የምትጠራ፣
ጌታው ሲገባ ካፖርት የምትቀበል አሽከር፣
አፍንጫው በርበሬ የመሰለ፣ ሰካራም ወታደር፣
ፍርዱን ሳይጨርስ ካሜራው ጥሎት የሄደ ዳኛ፣
አንዴም በአንሶላ የተሸፈነ፣ የዘላለም ተኛ፤
እጅህ ተንጠልጥሎ ነበር። አውራ ጣትህ ላይ ያለው ጠባሳ፣
የዓሣ ቢላዋ ጠባሳ፣ ማን መሆንህን ነገረኝ፣ አንተ ሬሳ።

ያው የሳቁበት ድምፅ፣ ሃያ ዓመት ቀለበህ።
«የሕዝብ ድምፅ» አሉት ጋዜጦቹ፤ መቼም አልገረመህ።

ፓቪሊዮንን ቦምብ ወሰደው፣ ፒያኖዬን ጨምሮ፣
የጎረቤት ልጆች አስተማርኩ፣ ኖርኩ በዚያው ኑሮ።
አንዴ ደብዳቤ ጻፍኩልህ። መልስህ ሁለት መስመር፦
«ውድ ሚስ ክሮፍት፣ በዚያ ፊልም ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ።
አንዱን ቆረጡት።»
ስለ ፒያኖው ምንም አላልክም። እኔም ደግሜ አልጻፍኩም።

ባለፈው ኅዳር፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ ገባሁ ለመሞቅ ብዬ፣
ያንተ ስም በመጨረሻ ነበር፣ አነበብኩት አጉልቼ፣ መነጽሬን ጠርጌ አጥብቤ ዓይኔን፣ ብቻዬ።
ባቡር የሚጠብቅ ሽማግሌ ነህ፣ አግዳሚ ላይ።
ብርቱካን ትልጣለህ። ልጣጩ ሳይበጠስ፣ እንደ ሪባን ይወርዳል።
ባቡሩ ይመጣል። አትነሣም።
አንዲት ቃል እንኳ አልሰጡህም።

እጄ ጉልበቴ ላይ፣ ካፖርቴ ላይ፣ መንቀሳቀስ ጀመረ፤
ግራው በቀስታ፣ ቀኙ እንደ ድሮው እየተንደረደረ።
«ምን ሆነሽ ነው?» አለች፣ ከጎኔ ያለችው።
«ዝም በይ» አልኳት፤ «እየተናገረ ነው።»